በቀኝ ጆሮ ገብቶ በግራ የሚወጣ ቅጠል

ዓለም የዞረችብኝ ሰኞ ጠዋት ነው። የስልኬን ማንቂያ ላጠፋ በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ጣሪያው ተነስቶ ሄደ። ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለችው አምፖል መርዝ እንደ ቀመሰች ዝንብ ትሽከረከር ጀመር። ከጭነት መኪና ላይ የምወድቅ ይመስል የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ ጮህኩ። ላጤ ስለሆንኩ የሰማኝ የለም። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጣሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔም ሸሚዜን ለብሼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ወልቂጤ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን ሦስተኛው ፔሬድ ላይ፣ ርዕሱን ከሰሌዳው ጫፍ ልጽፍ ቀና ስል፣ ሰሌዳው ከነጽሑፉ ወደ ጎን ሸሸ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ራሴን ያገኘሁት የፊተኛው ዴስክ ላይ በደረቴ ተዘርግቼ ነው። ከኋላ አንዱ፣ "ቲቸር ዛሬ ቀምሷል" ሲል ሰማሁ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ታላቅ እህቴ ከቡታጅራ ደወለች። እሷ እዚያ በርበሬ ትነግዳለች፤ ወሬ ደግሞ በርበሬ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይሄዳል።

"መጠጥ ጀመርክ አሉ?"

"እቴቴ፣ ራሴን አዞረኝ እንጂ..."

"ጠጪ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው" ብላ ዘጋችብኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴን ለኩ፤ ደህና ነው። ደሜን መረመሩ፤ ደህና ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን የሚሰጥ ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ ማዞሩን አልነካውም፤ እንቅልፍ ግን ጨመረልኝ። ከዚያ ወዲያ የሚያዞረኝ እያንቀላፋሁ ሆነ።

ቅዳሜ ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። መንገዱ ጤነኛውንም ያዞራል። ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር እኔ እንዳልታጠፍ አንገቴን ገትሬ ስለተቀመጥኩ፣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የኮራሁባቸው መስሏቸው ተቀየሙኝ። እህቴ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ያደረገችው አፌን ማሽተት ነው። ሁለት ጊዜ አሸተተችና አመነችኝ።

"በል፣ ያንተን ሐኪም አየነው። አሁን የኔን እንይ።"

በባጃጅ፣ ከዚያም በእግራችን፣ መስቃን ገጠር ውስጥ ወደሚኖሩ አንዲት ወጌሻ ወሰደችኝ። እማማ ነው የምንላቸው። ሲበዛ ቀጭን፣ ሲበዛ ደረቅ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ብቻ የሌላ ትልቅ ሰው እጅ ይመስላል። ወለምታ ያሻሉ፣ ስብራት ይጠግናሉ። ራሱን የሚያዞረው ሰው ሲመጣላቸው ግን፣ እህቴ እንደነገረችኝ፣ በሽታውን "እንደ እንቁላል ገልብጠው" ያወጡታል። ልጃቸው አዲስ አበባ ሥራ ላይ ስለሆነ ምራታቸው ናት አብራቸው የምትኖረው፤ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር በእጇ ይዛ የምትቆም ወጣት ሴት።

እህቴ ክርስቲያን ብትሆንም የገበያ ሰው ናትና "አሰላሙ አለይኩም" ብላ ገባች። እማማ ሰላምታውን መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሲያዞርህ ዓለም ወዴት ነው የምትሄደው? ወደ ዘቢዳር ተራራ ነው ወይስ ወደ ዝዋይ?"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እህቴ በክርኗ ወጋችኝ። ተራራው በየት በኩል እንደሆነ በሩን አይቼ፣ ፀሐይዋን አስልቼ፣ "ወደ ዝዋይ ይመስለኛል" አልኩ።

"ቀኙ ነው" አሉ ለእህቴ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

ምራታቸውን ወደ ውጭ ላኳትና ከመቀነታቸው ውስጥ እርጥብ ቅጠል አወጡ። ከዚያ በፊት ግን ማስማል ነበረባቸው። የቅጠሉ ስም ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል፤ ስሙን ለማንም እንዳልናገር በእናቴ አጥንት አስማሉኝ። ማልኩ። ቅጠሉን በመዳፋቸው ሲያሹት ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እኔም ወዲያው አወቅሁት። ስለማልኩ እዚህም ስሙን አልጽፍም። ጉንፋን ሲይዛችሁ እናታችሁ አሽታ አፍንጫችሁ ላይ የጨመቀችላችሁ ቅጠል ነው። ከኔም አጥር ሥር አለ። አገር የሚያውቀውን ቅጠል ምስጢር አድርጌ ይዤ መኖር የጀመርኩት ከዚያች ቀን ነው።

የታሸውን ቅጠል በቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርገው በሻሽ አሰሩት። መደቡ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝና ጭንቅላቴን ከጠርዙ አሳልፈው፣ ወደ ቀኝ አዙረው፣ በአየር ላይ ያዙት። ዓለም እንደ ወንፊት ተነቀነቀች።

"ዓይንህን አትጨፍን! የሚነግረኝ ዓይንህ ነው።"

ዓይኔን እያዩ ጠበቁ። ዓለም ስትቆም ጭንቅላቴን ቀስ ብለው ወደ ግራ አዞሩት፤ እንደገና ጠበቁ። ከዚያ መላ አካላቴን በግራ ጎኔ ገለበጡኝ፤ አፍንጫዬ ወለሉን እስኪያይ። እንደገና ጠበቁ። በመጨረሻ ሕፃን እንደሚነሳ ደግፈው አስቀመጡኝ።

"ቅጠሉ በቀኝ ጆሮህ ይገባል" አሉ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። "እኔ ሳዞርህ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። በግራ ይወጣል። ማዞሩን ይዞት ይወጣል።"

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ በኔም በኩል ባዶ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ልከራከር አፌን ስከፍት፣ "ተኛና ሞክረው" አሉኝ። በቀኝ ጎኔ ተኛሁ። ጣሪያው ቆሟል። ተነሳሁ፤ ተኛሁ፤ ተነሳሁ። ምንም የለም። እህቴ እልል አለች።

ወልቂጤ ተመልሼ በደስታና በኀፍረት መካከል ሁለት ሳምንት ኖርኩ። ለተማሪዎቼ "ማስረጃ ሳትይዙ አትመኑ" እያልኩ የምለፈልፍ ሰው፣ በቀኝ ገብቶ በግራ በወጣ ቅጠል ድኛለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጭማቂ ቤት ተቀምጬ አቮካዶ ስጠጣ፣ የድሮ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን እዚያው ከተማ ሐኪም የሆነ ልጅ ገባ። ያለ ምስክር መሸከሙ ሲከብደኝ ነገርኩት። የቅጠሉን ስም ብቻ ዘለልኩ።

አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ አንዲት ሴት አስተኝቶ ጭንቅላቷን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ በጎኗ፣ ከዚያ ቁጭ። አንድ በአንድ እማማ ያደረጉኝ ነው።

"ቅጠሉስ?" አልኩት።

"ቅጠል የለም፣ ቲቸር። ጆሮ ውስጥ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። አንዳንዴ ከቦታቸው ወጥተው ወደማይገቡበት ቱቦ ይገባሉ፤ ሰው ሲገላበጥ እነሱ ናቸው የሚያዞሩት። ይሄ አገለባበጥ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ሁሉም ማዞር እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ የርስዎ ግን ይሄ ነበር።" ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ "ጆሮን ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።"

ስለ ጠጠሮቹ ግን አላስተማርኩትም። ያን ምዕራፍ ለዓመታት ሳስተምር የኖርኩት ያለ አንዲት ጠጠር ነው።

ለእህቴ ደውዬ ጆሮዬ ውስጥ ጠጠር እንደነበረ ብነግራት፣ "ማን ከተተብህ?" አለችኝ። ጠጠሩ የራሴ እንደሆነ ሳስረዳት ደግሞ፣ "እና ቅጠሉ ጠራርጎ አወጣዋ!" አለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ እኔም ድኛለሁ፤ የቱ እንዳዳነኝ ግን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ቅጠሉና መገልበጡ አንድ ላይ ነው የተሰጡኝ። ይህ ሐሳብ ከማዞሩ ይልቅ ያዞረኝ ጀመር።

ክረምት ሲገባ በሽታው ተመለሰ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። አልጋው ላይ ጠርዙን ጨምድጄ እየጮህኩ፣ "አሁን እንለየዋለን!" አልኩ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ለብቻው ሞከርኩ። ከአጥሬ ቆርጬ፣ አሽቼ፣ በቀኝ ጆሮዬ ላይ አሰርኩና በላዩ የሱፍ ቆብ አጠለቅኩ። ቆቡን እንዳደረግሁ ሦስት ቀን አስተማርኩ። ደብተር ገዝቼ፣ ጠዋት ስነሳ ምን ያህል እንዳዞረኝ እጽፋለሁ። ሦስቱም ቀን እኩል አዞረኝ። በሦስተኛው ቀን የቤት ሥራ ላይ አጎንብሼ ሳርም የደረቀው ቅጠል ከቆቡ ሥር ተንሸራቶ ዴስኩ ላይ ወደቀ። ደብተሯን ይዛ ፊቴ የቆመችው ተማሪ በድንጋጤ፣ "ቲቸር፣ ጆሮዎ ረገፈ!" አለች።

ቅጠሉ ብቻውን እንዳልሠራ ለእህቴ ነገርኳት። "እንዴት ይሥራ? ሳትገለበጥ በየት በኩል ይሻገር?" አለችኝ። ስለዚህ ያለ ቅጠል መገልበጥ ቀረኝ። ቅዳሜ እማማ ዘንድ ሄጄ፣ ትንሽ ፈርቼ፣ "ዛሬ ያለ ቅጠሉ ቢያዞሩኝ ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"ባዶውን?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ልጄ፣ ባዶ ድስት የሚያማስል ሰው አይተሃል?" ብለው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። ምራታቸው በር ላይ ወንፊት ይዛ ቆማ በአዘኔታ አየችኝ።

የቀረኝ ሐኪሙ ነው። ቀጠሮ ያዝኩ። እህቴ ይህን ስትሰማ ብቻዬን እንዳልሄድ ከቡታጅራ ድረስ መጣች፤ ሌሊቱን እኔ ቤት አድራ፣ ጠዋት ኮቴን ራሷ አለበሰችኝ። ሐኪሙ ኮት ሳያስወልቀኝ አስተኝቶ ገለበጠኝ። እጁ ጥሩ ነው። ወደ ግራ ሲያዞረኝ ግን ቆም ብሎ አየሩን አሸተተ።

"ክፍሉ ውስጥ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ሳሙናህ መስሎኝ" አልኩት በጎኔ ተንጋድጄ።

ቁጭ ሲያደርገኝ ድኛለሁ። እንደገና ተኛሁ፤ ጣሪያው ቆሟል። "ያለ ቅጠል!" ብዬ ጮህኩ። "እቴቴ፣ ይኸው፣ ያለ ቅጠል!"

እህቴ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሆና ፈገግ አለች። መጣችና የኮቴን አንገት በጥርሷ ተረተረችው። ከሽፋኑ ውስጥ፣ በቀኝ ጆሮዬ በኩል፣ እፍኝ የሚሆን እርጥብ ቅጠል ወጣ። ስተኛ ነው የሰፋችው።

"ምን አደረግሽ እቴቴ!"

"አዳንኩህ።"

"ማስረጃዬን ገደልሽው!"

"አንተን ባዶህን ልኬ ብትሞት ማስረጃው ለቀብርህ ሊሆን ነው?"

ሐኪሙ ከሳቁ ብዛት ሕመምተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ሲያልፍለት ወጌሻዋን ማየት እፈልጋለሁ አለ፤ ይዤው ሄድኩ። እማማ አንዲት ጎረቤታቸውን ሲገለብጡ ቆሞ ተመለከተ። የሴቲቱን ዓይን አይተው "ግራው ነው" ሲሉ፣ "እንዴት አወቁ?" አላቸው።

"ዓይኗ ሲሮጥ አታይም? በታመመው በኩል ነው የሚሮጠው።"

ሐኪሙ ይህን የተማረው ስንት ዓመት ከርሞ እንደሆነ በጆሮዬ ነገረኝ። እሳቸው ደግሞ በተራቸው እጁን ያዙና አገላብጠው አዩለት። "ደህና እጅ ነው፤ ይቸኩላል እንጂ" አሉት። ስለ ቅጠሉ ግን ማንም ለማንም አልተበገረም። ሐኪሙ ሲመለስ የዚያን ቅጠል አንድ ሥር በጣሳ ተክሎ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "ከገጠር የሚመጡት ያለሱ አልገለበጥም ይሉኛል" አለ።

እኔም ነገሩን ተውኩት። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በሌላ ቅዳሜ፣ እህቴ ዘንድ ሆኜ በርበሬ በማዳበሪያ ስሞላ፣ የእማማ ምራት በእህቴ ስልክ ደወለች፤ እኔ አነሳሁት። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "እማማን አዞራቸው። ከመደቡ መነሳት አቃታቸው። እሱን መምህር ጥሩልኝ ይላሉ።"

"እኔን? ለምን እኔን?"

"'እንደሱ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ሰው የለም' ይላሉ።"

ገበያው ጦፎ ስለነበር እህቴ መደብሯን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ሐኪሙ ጋ ብደውል አይነሳም። ባጃጅ ይዤ ብቻዬን በረርኩ። እማማ መደቡ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው፣ የቤቱን ምሰሶ በአንድ እጃቸው ይዘው ተኝተዋል።

"ወዴት ነው የምትሄደው፣ እማማ?"

"ወደ ዝዋይ" አሉ በጥርሳቸው።

ቀኙ ነው። እስከዚህ አውቃለሁ። ጭንቅላታቸውን በሁለት እጄ ስይዝ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ እኔ ይህን ነገር የማውቀው ተኝቼ ነው። ቆሜ ሳየው ቀኝና ግራው ተገላበጠብኝ። ሌላ ዘዴ ስላጣሁ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ብቻዬን ተገለበጥኩ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በጎን፣ ቁጭ። ምራታቸው፣ "ወይኔ፣ እሱንም ያዘው!" ብላ ውኃ ልታመጣ ሮጠች።

አስታውሼ ተነሳሁ። የእማማን ጭንቅላት ከመደቡ ጠርዝ አሳልፌ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ክብደቱ እንደ ወፍ ጎጆ ነው። ዓይናቸው ይሮጥ ጀመር።

"ቅጠሉ!" አሉ።

ረስቼዋለሁ። እጄን ለቅቄ መሄድ አልችልም። ውኃ ይዛ በር ላይ ወደቆመችው ምራት ዞርኩ። ስሙን መጥራት አልችልም፤ ምያለሁ፤ ያስማሉኝ ሰው ደግሞ ጭንቅላታቸው እጄ ላይ ነው።

"ያቺን ቅጠል አምጪልኝ" አልኳት።

"የቷን?"

"ያቺን... ከጓሮ ያለችውን።"

ሮጣ ሄዳ ሮጣ መጣች። ጎመን ነው ያመጣችው። ሰፊ፣ ለምለም የጉራጌ ጎመን። በዓይኔ "አይደለም" ልላት ሞከርኩ፤ በዓይኗ "ታዲያ የቷ?" አለችኝ። ከሁለት ክረምት በፊት ጀምሮ አፍንጫቸው ሽታ እንደማይለይ እማማ ራሳቸው ነግረውኛል። እሳቸው ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

"አገኘህ?" አሉ።

"አገኘሁ፣ እማማ።"

ጭንቅላታቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ፣ ጎመኑን ቀድጄ፣ ጨመቅ አድርጌ፣ በቀኝ ጆሯቸው ላይ በሻሻቸው አሰርኩት። ከዚያ ጠበቅሁ። "አትቸኩል" አሉኝ፤ አልቸኮልኩም። ወደ ግራ፤ ጠበቅሁ። በጎን፤ ጠበቅሁ። አንስቼ አስቀመጥኳቸው።

እማማ ምሰሶውን ይዘው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ለቀቁት። በራሳቸው ጊዜ በቀኝ ጎናቸው ተኙ፤ ተነሱ፤ እንደገና ተኙ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እጅህ ይቀዘቅዛል። ቅጠሉ ግን... ይሄ ቅጠል ከኔ ይበረታል። ከየት ነው?"

"ከጓሮ ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም።

ይኸው ማስረጃው። ስፈልገው የኖርኩት፤ በሽተኛዋ ምን እንደታሰረላት ሳታውቅ፣ ሌላ ቅጠል ታስሮላት የዳነችበት። ከዚህ የጠራ ፈተና መጽሐፍ ውስጥም አይገኝም። ያለ ቅጠሉም ይሠራል ብዬ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እማማ ሻሹ ላይ እጃቸውን አድርገው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። አፌን ዘጋሁ።

እሳቸው ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። "አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?" አሏት ምራታቸውን።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ማንም ሳይነግርሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ስሙን ሳታውቂ እጅሽ መረጠው" አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ሴት ልጅ የለኝም፣ የማወርሰው የለኝም እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ነይ።"

ምራቲቱ የቀረውን የጎመን እስር እንደያዘች ተጠጋች። እማማ አስማሏት። ከዚያ በጆሮዋ፣ በቀኙ በኩል፣ የቅጠሉን ስም ሹክ አሏት።

ዓይኖቿ ሲሰፉ አየሁ። መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን ጎመን አየች፤ ቀጥላ የአማቷን ሻሽ፤ ቀጥላ እኔን። እኔ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ክሩ የታሰረ ነበር፤ ፈትቼ አሰርኩት።

አሁን የምትገለብጠው እሷ ናት። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው "አትቸኩይ" ይላሉ። እህቴ እንደምትለው ከስልጤም ከዝዋይም ሰው ይመጣላታል፤ ከእማማ ይልቅ እጇ ይፈውሳል እየተባለ ነው። ባለፈው ሰሞን ሰላም ልል ጎራ ስል በሽተኛ ይዛ ነበር፤ የታሰረውን ሻሽ አየሁ። ከሥሩ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም። እሷም ጎንበስ ብላ፣ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ያንን ሰው ወደ ግራ አዞረችው።